የፐርሲ ስፔንሰር ታሪክ በአጭሩ

ባለፈው ክረምት መርካቶ ውስጥ አጎቴ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚጠግንበት ሱቅ ሳግዝ አንድ የተበላሸ የማይክሮዌቭ ምድጃ ሲከፈት አየሁ። ሙቀቱን የሚያስገኘው ማግኔትሮን የሚባለው ትንሽ ዕቃ መሆኑን አጎቴ አሳየኝ። ትምህርቴን ትቼ ከእርሱ ጋር እንድሠራ ይመክረኝ ነበርና፣ ይህን ምድጃ የፈለሰፈውም ሰው ትምህርቱን እንዳልጨረሰ ጨምሮ ነገረኝ። እኔም እውነቱን ለማወቅ የሰውየውን ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ።

ፐርሲ ስፔንሰር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 በአሜሪካ አገር፣ በሜይን ግዛት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም ትታው ስለ ሄደች በአክስቱና በባሏ እጅ አደገ። 7 ዓመት ሲሆነው የአክስቱም ባል ሞተ። በ12 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ፋብሪካ ገባ። በኋላም በባሕር ኃይል ተቀጥሮ የሬዲዮን ሥራ ያዘ፤ ሌሊት ዘብ ሲቆም መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ።

ከዚያም በሬይተዮን ኩባንያ ገብቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራዳር የሚያስፈልገው ማግኔትሮን በብዛት የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። በ1945 በሚሠራ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ኪሱን ጠርጎ በሄደ ነበር፤ እርሱ ግን የበቆሎ ፍሬ አስመጥቶ ቢሞክር ፈንዲሻ ሆነለት። የምድጃው ነገር ከዚህ ተጀመረ። የከሰል እሳት ከውጭ ወደ ውስጥ ሲያሞቅ፣ ይህ ሞገድ ግን ዘልቆ እየገባ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሞቃል።

ስፔንሰር በ1970 ሞተ። ሙቀቱ ግን ከማድ ቤት አልፎ ሄደ። በ1980ዎቹ በጃፓን አገር፣ በቶካይ፣ የዩራንየምና የፕሉቶንየም ናይትሬት ፈሳሽ በማይክሮዌቭ እየተሞቀ፣ ውሃውና አሲዱ ሲተን ለአቶም ኃይል ማመንጫ ነዳጅ የሚሆን ዱቄት ተዘጋጀ። ዱቄቱን ለማዝቀጥ ሌላ ኬሚካል ስለማይጨመር ፍሳሹ ያንሳል።

አጎቴ የነገረኝ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ግማሹ ነው። ስፔንሰር ትምህርትን የተወው ድኅነት አስገድዶት እንጂ ንቆት አልነበረም፤ የጎደለውንም በእንቅልፉ ከፈለ። እኔን ግን ያስገደደኝ የለም። ይህንኑ ለአጎቴ በትሕትና አስረዳሁት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳግዘውም ቃል ገባሁለት። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ስመጣ የፊዚክስ መጽሐፌን ይዤ እንድመጣ ነገረኝ።