ቴክስ ሪካርድ፦ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ የሚዘረግፈው ሰውዬ

እ.ኤ.አ. በ2021 ግንቦት ወር ላይ ታይሰን ፉሪና አንቶኒ ጆሹዋ ሊጋጠሙ ነው ተባለ። ቀኑም ተቆረጠ፤ ኦገስት 14፣ ሳዑዲ ዓረቢያ። እኔና ጓደኞቼ ስልካችን ላይ ተጥደን ስንከራከር ሰነበትን። ማን ያሸንፋል? በስንተኛው ዙር? በነጥብ ነው ወይስ በዝረራ? ክርክራችን ሳይበርድ አንድ የግልግል ዳኛ፣ ፉሪ መጀመሪያ ከዲዮንቴ ዋይልደር ጋር ሦስተኛ ግጥሚያ የማድረግ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። በቃ፣ ጨዋታው ፈረሰ።

ያን ሰሞን ሁላችንም ያልነው አንድ ነገር ነው፤ ፈርተው ነው። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። ኋላ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ የቆዩ የቦክስ ታሪኮችን ማገላበጥ ጀመርኩና አንድ ሰውዬ ላይ ደረስኩ። ቦክሰኛ አይደለም። ጓንት አጥልቆ ለማዕረግ የተጋጠመበት ቀን የለም። ግን ዛሬ የምናውቀውን ትልቁን የከባድ ሚዛን ግጥሚያ እንደ ንግድ ያቆመው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስሙ ቴክስ ሪካርድ ይባላል። የሱን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ፈርተው ነው የሚለውን ቃል ቶሎ አላወጣም።

ሙሉ ስሙ ጆርጅ ሉዊስ ሪካርድ ነው። በ1870 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ተወለደ፤ ያደገው ግን ቴክሳስ ነው፤ ቴክስ የሚለውም ከዚያ የመጣ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ገና በልጅነቱ ከብት ነጂ ሆነ። በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ ተደረገ። አገባ፣ ልጅም ወለደ። በ1895 ግን ሕፃኑም ሚስቱም ሞቱበት። ሰውዬው ከዚያ በኋላ እዚያ አገር መቀመጥ አልቻለም። ወደ አላስካ ነጎደ።

ያኔ በዚያ በረዷማ አገር ወርቅ ተገኘ ተብሎ ዓለም ሁሉ ይጎርፍ ነበር። ሪካርድ ከመቆፈሩ ይልቅ ቆፋሪዎቹን ማዝናናቱ አዋጣው። መጠጥ ቤትና ቁማር ቤት ከፈተ። ሀብት አገኘ፣ አጣ፣ እንደገና አገኘ። አንድ ነገር ግን እዚያ የተማረ ይመስለኛል፤ ሰው በወሬ ሳይሆን ዓይኑ በሚያየው ገንዘብ ነው የሚያምነው።

ይህን ትምህርት በ1906 ጎልድፊልድ በምትባል የኔቫዳ የማዕድን ከተማ ተጠቀመበት። ከተማዋ ስሟ እንዲነሳ ትፈልጋለች፤ ሪካርድ ደግሞ ስም የሚያስነሳ ነገር አለኝ አለ። ጆ ጋንስና ባትሊንግ ኔልሰን ለቀላል ሚዛን ዋንጫ እንዲጋጠሙ 30 ሺህ ዶላር አቀረበ። ማን ያምናል? ቦክስ አዘጋጅቶ አያውቅም፣ ከተማዋም የበረሃ መንደር ናት። እሱ ምን አደረገ? ገንዘቡን በወርቅ ሳንቲም አስቀይሮ መስኮት ላይ ደርድሮ ለሕዝብ አሳየ። ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ። ግጥሚያው 42 ዙር ፈጅቶ ኔልሰን ከወገብ በታች በመምታቱ ተሰናብቶ ጋንስ አሸነፈ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻምፒዮኑ ጋንስ ነበር። ትልቁን ድርሻ የወሰደው ግን ተፋላሚው ኔልሰን ነው። ጋንስ ጥቁር፣ ኔልሰን ነጭ ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሪካርድ ታሪክ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከገንዘቡ ጎን ለጎን ይሄዳል።

እስቲ አንድ ደቂቃ ቆም ብለን እናስብ። እግር ኳስ ፌዴሬሽን አለው፤ ፕሮግራሙ ወጥቶ ይለጠፋል፣ ቡድኑ ደስ አለው አላለው ቅዳሜ ይጫወታል። ቦክስ እንደዚያ አይደለም። ከባድ ሚዛን ላይ ያለ ኮከብ በዓመት አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ነው የሚጋጠመው። አንድ ቀን ከተሸነፈ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግጥሚያ እንደ ሰርግ ከዜሮ ይጀመራል። ሙሽሮቹ መፈላለጋቸው ብቻ አይበቃም፤ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች፣ የድግሱ ወጪ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ማን በየት በኩል ይቀመጣል የሚለው ሁሉ ስምምነት ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ድግሱ ይቀራል።

ሪካርድ ይህንን ሙሉ በሙሉ ያየው በ1910 ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን ነበር። የነጩ ዓለም ደግሞ ጡረታ የወጣውን ጂም ጄፍሪስን ተመለስና ቀበቶውን አስመልስ እያለ ይወተውት ነበር። በ1909 መጨረሻ ላይ አዘጋጆች ጨረታ ገቡ። ሪካርድ 101 ሺህ ዶላርና የፊልሙን ገቢ ሁለት ሦስተኛ ለቦክሰኞቹ አቀረበ፤ እንደ ልማዱም ጥሬ ገንዘብ ይዞ ነው የሄደው። አሸነፈ።

አሁን አለቀ ትላላችሁ አይደል? ገና መጀመሩ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ መድረኩ እየተሠራ ሳለ፣ ግጥሚያው ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው የካሊፎርኒያ ገዥ ከለከሉ። ሪካርድ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ኔቫዳ ሬኖ ሄደና እንደ አዲስ በእንጨት ስታዲየም አሠራ። ዳኛ ላይም ስምምነት ጠፋ፤ አንዱ ወገን ያመጣውን ሌላው አይቀበልም። በመጨረሻ አዘጋጁ ሪካርድ ራሱ ሪንግ ውስጥ ገብቶ ዳኛ ሆነ። ዛሬ ይህ ቢደረግ ማኅበራዊ ሚዲያው ይቃጠላል።

ጁላይ 4 ቀን ጆንሰን በ15ኛው ዙር ጄፍሪስን ጣለው። ያን ምሽት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሡ፤ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት የቦክስ ፊልም ከግዛት ግዛት እንዳይጓጓዝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ዋናው ምክንያት ሰዎች ጆንሰን ሲያሸንፍ እንዳያዩ ነበር። የፊልም ገቢ ማለት እንደ ዛሬው የቀጥታ ስርጭት ክፍያ ነው፤ በአንድ ሕግ ተቆረጠ።

ሪካርድ ከዚያ ወደ ፓራጓይ ሄዶ ከብት ሲያረባ ቆየ። ሲመለስ ጊዜው ተቀይሯል፤ ጃክ ዴምፕሲ የሚባል ጎረምሳ ብቅ ብሏል። በ1919 ቶሊዶ ላይ ከግዙፉ ጄስ ዊላርድ ጋር አገናኘው። ዊላርድ በተደጋጋሚ ወድቆ በሦስተኛው ዙር መጨረሻ አበቃለት።

በ1921 ደግሞ ሪካርድ ትልቁን ቁማር ተጫወተ። ዴምፕሲን ከፈረንሳዊው ዦርዥ ካርፓንቲዬ ጋር ለማጋጠም ለዴምፕሲ 300 ሺህ፣ ለካርፓንቲዬ 200 ሺህ ዶላር ዋስትና ሰጠ። አንድ ትኬት ሳይሸጥ ግማሽ ሚሊዮን ዕዳ ማለት ነው። አብረውት የነበሩት ሸሪኮች ሂሳቡን ሲያዩ ወጡ። እሱ ብቻውን ቀረ። ኒው ዮርክ አልተመቸችም፤ ስለዚህ ወንዙን ተሻግሮ ጀርሲ ሲቲ ላይ የእንጨት ስታዲየም ሠራ።

ግጥሚያው እንደ ግጥሚያ እኩል አልነበረም፤ ካርፓንቲዬ በክብደት ያንሳል። ሪካርድ የሸጠው ግን ታሪኩን ነው። ካርፓንቲዬ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀግና፣ መልከ መልካም። ዴምፕሲ ደግሞ ከውትድርና ሸሽቷል ተብሎ የተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ነፃ ቢለቀውም ሕዝቡ ያልማረው። የሚወደድ አንድ፣ የሚጠላ አንድ። ወደ 80 ሺህ ሰው ገባ፤ ሴቶችም በብዛት መጡ፤ ይህ ለቦክስ አዲስ ነገር ነበር። በአራተኛው ዙር ዴምፕሲ ጨረሰው። ከበር የተሰበሰበው 1 ሚሊዮን 789 ሺህ 238 ዶላር ሆነ። በቦክስ ታሪክ የበር ገቢ ከሚሊዮን ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሕይወቱ ግን ድል ብቻ አልነበረም። በ1922 በከባድ ወንጀል ተከሶ ፍርድ ቤት ቆሞ በነፃ ተሰናበተ። ወደ ሥራው ተመልሶም አዲሱን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በ1925 አስገነባ። የሆኪ ቡድኑ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው፤ ጋዜጠኞች የቴክስ ሬንጀሮች እያሉ ሲቀልዱ ጸንቶ ቀረ።

አሁን እኔን እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልምጣ። በእነዚያ ዓመታት የዴምፕሲ ዋነኛ ተቀናቃኝ ሃሪ ዊልስ የሚባል የኒው ኦርሊንስ ጥቁር ቦክሰኛ ነበር። ሁሉም ያውቃል። በ1922 ሁለቱ ውል ፈርመዋል። ግጥሚያው ግን አልመጣም። ገንዘብ አስፈራው እንዳንል ሪካርድ በገንዘብ አይፈራም። በረሃ ላይ ከተማ የሚያስጎበኝ፣ በሁለት ሳምንት ስታዲየም የሚያቆም ሰው ነው። የዚህ ግጥሚያ ነገር ሲሆን ግን እጁ አጠረ። የ1910ሩ ደም ከዓይኑ አልጠፋም፣ ፖለቲከኞቹም አልፈለጉም የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ያንን ደም ያፈሰሱት ጥቁሮቹ አልነበሩም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ዊልስ ነው።

በ1925 ሌላ አዘጋጅ ልሞክር ብሎ ሁለቱን አስፈረመ። ዊልስ 50 ሺህ ዶላር ቀብድ ተቀበለ። ለዴምፕሲ የተባለው ቀብድ ግን ሳይሟላ ቀረና ውሉ ፈረሰ። ልዩነቱን አያችሁ? ያኛው ወርቅ መስኮት ላይ ይደረድራል፤ ይህኛው ቃል ብቻ ነበረው።

በ1926 ሪካርድ ዴምፕሲን ከጂን ተኒ ጋር ኒው ዮርክ ላይ ሊያጋጥም ሲል፣ የዊልስ ጉዳይ ሳያልቅ አይሆንም ተብሎ ፈቃድ ተከለከለ። ምን አደረገ? ወደ ፊላደልፊያ ወሰደው። 120 ሺህ 757 ሰው ገባ። ተኒ በነጥብ አሸነፈ። ማለትም ያ ሁሉ ብልሃት፣ ያ ከከተማ ከተማ መሸጋገር፣ የዊልስን ግጥሚያ ለማምጣት ሳይሆን ለመዝለል ዋለ።

በቀጣዩ ዓመት ቺካጎ ላይ ዴምፕሲና ተኒ ዳግም ተገናኙ፤ የበሩ ገቢ 2 ሚሊዮን 658 ሺህ 660 ዶላር። የተኒ ድርሻ 990 ሺህ 445 ዶላር ነበር። ተኒ የጎደለውን 9 ሺህ 555 ዶላር ከኪሱ ለሪካርድ ሰጥቶ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ ተቀበለ። ለፎቶ ማለት ነው፤ ዛሬ ቢሆን ኢንስታግራም ላይ ነበር የሚለጠፈው። በ1928 ግን ዴምፕሲ የለም፣ ተኒ ከቶም ሂኒ ጋር ተጋጠመ፤ ሪካርድ ወደ 150 ሺህ ዶላር ገደማ ከሰረ። ጥሩ ሻምፒዮን ብቻውን ትኬት አይሸጥም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ሪካርድ ሌላ ግጥሚያ ለማዘጋጀት ማያሚ ቢች ሄዶ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመ፤ ከቀዶ ሕክምናው አላገገመም። ጃንዋሪ 6 ቀን 1929፣ በ59 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ራሱ ባስገነባው ጋርደን ውስጥ ተቀምጦ ሺዎች ተሰናበቱት።

ታዲያ ከዚህ ሕይወት ምን ያዝኩ? ትልቅ ግጥሚያ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ ቦክሰኞቹ ፈርተው አይደለም። ድርሻ አለ፣ ዋስትና አለ፣ ቦታና ፈቃድ አለ፣ ቀድሞ የተፈረመ ውል አለ። አሁን ተስማሙ የሚል ዜና ስልኬ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀብዱን ማን ከፈለ የሚለውን ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው በእርግጥ እንዲሆን ይፈልጋል ወይ? ሪካርድ የፈለገውን ሁሉ አድርጓል። ያላደረገውን ግን አልቻለም ለማለት እቸገራለሁ።

ሃሪ ዊልስ ከቦክስ በኋላ ሃርለም ውስጥ ቤቶች እየገዛ እያከራየ ደህና ኑሮ ኖረ። በ1958 ሞተ። ሻምፒዮን ይሆን ነበር ወይስ አይሆንም ነበር፣ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። መልስ የለውም፤ ማንም ሪንጉን ስላልከፈተለት።