ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ፦ ከእስክንድርያ ቆንስላ እስከ ፓናማ

ስሙ ከሱዌዝ ቦይ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ መሐንዲስ አልነበረም። በ1805 ዓ.ም. በቬርሳይ ከዲፕሎማቶች ቤተ ሰብ ተወልዶ፥ ገና በወጣትነቱ በፈረንሳይ የቆንስላ አገልግሎት ገባ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1832 በምክትል ቆንስልነት ወደ ጥንታዊቱ እስክንድርያ ተላከ። መርከቡ በተላላፊ በሽታ ተጠርጥራ ወደ ከተማ እንዳይገባ ታግዶ ሳለ፥ የበላዩ ቆንስል መጻሕፍት ላከለት። ከነዚህም አንዱ የናፖሊዮን መሐንዲስ ለፔር ሁለቱን ባሕሮች ስለሚያገናኝ ቦይ የጻፈው ጥናት ነበር። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ከልቡ አልጠፋም።

የቆንስላ ጽሕፈት ቤት ጦርም ሆነ ብዙ ገንዘብ የለውም፤ ሀብቱ ትውውቅ ነው። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በዚያው አገር በቆንስልነት ያገለገለውን የሌሴፕስን አባት ያውቅ ስለነበር፥ ልጁን በመልካም ተቀበለው። ሌሴፕስም ከገዥው ልጅ ከሰዒድ ጋር ተወዳጀ። ሰዒድ በ1854 ሥልጣን ሲይዝ፥ ከዲፕሎማሲ ሥራ ወጥቶ የነበረው ወዳጁ ወደ ግብፅ ተመልሶ በዚያው ዓመት የቦዩን ፈቃድ አገኘ።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ ፍሬ ያፈራው መሐንዲሶች መንገዱን አስቀድመው ስለጠረጉለት ነው። ለፔር ቀይ ባሕር ከሜዲትራኒያን በ10 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ብሎ ተሳስቶ ነበር። በ1847 ቡርዳሉ ያስፈጸመው ልኬት ግን የሁለቱ ባሕሮች ወለል ከሞላ ጐደል እኩል መሆኑን አሳየ። ስለዚህ የውሃ መዝጊያ በሮች አላስፈለጉም። ሥራው በ1859 ሲጀመር በግዳጅ የመጡ ገበሬዎች ቆፈሩ፤ ግዳጁ ሲቀር የእንፋሎት መቆፈሪያ መኪናዎች ተተኩ። ቦዩ በኖቬምበር 17 ቀን 1869 ተከፈተ።

ሌሴፕስ ቀጥሎ ወደ ፓናማ ዞረ። በ1879 በፓሪስ ጉባኤ ጎዳን ደ ሌፒኔ የተባለ መሐንዲስ ወንዙን ገድቦ ሐይቅ መፍጠርንና መርከቦችን በመዝጊያ በሮች ደረጃ በደረጃ ማሳለፍን አቀረበ። ሌሴፕስ ግን ተራራውንና ደራሹን ወንዝ እንደ ሱዌዝ አሸዋ ቆጥሮ፥ በባሕር ወለል ልክ የሚቆፈር ቦይ አስወሰነ። በሱዌዝ ልኬትን ተከትሎ የሠራው የማሳመን ችሎታው በፓናማ ልኬትን ቀደመ። ኩባንያው በ1889 ፈረሰ፤ በወባና በቢጫ ወባ ከ20000 በላይ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። የቁጠባ ገንዘባቸውን ያዋሉ ብዙ ፈረንሳውያንም ከሠሩ።

ሌሴፕስ በ1894 ሞተ። ከ20 ዓመት በኋላ የተከፈተው የፓናማ ቦይ ግድብ፥ ሐይቅና መዝጊያ በሮች አሉት።