ቅዱስ ሉዊ ማርቲን፤ የደዌው ዘመንና የልጆቹ እምነት

የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስን ስም ያልሰማ ካቶሊካዊ ምእመን አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ወላጅ አባቷ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ታናሽ ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ጢሙ የነጣ ደግ ሽማግሌ እንደነበረ ብቻ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናቀርበው የወደድነው ከዚህ ሥዕል በስተጀርባ ያለውን ሰው፣ በተለይም በደዌ የተፈተነባቸውን የመጨረሻ ሰባት ዓመታት ነው። ከቤተሰቦቻችን መካከል አባት ወይም እናት በጽኑ ሕመም የተያዘባቸው፣ ሕመሙም የአእምሮ ሆኖ ለጎረቤት እንኳ ለመናገር ያፈሩ ጥቂቶች አይደሉምና። (ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ሉዊ ማርቲን ኦገስት 22 ቀን 1823 በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ከአንድ የጦር መኰንን ተወለደ። በወጣትነቱ በአልፕስ ተራሮች ላይ ወደሚገኘው የታላቁ ቅዱስ በርናርዶስ ገዳም ሄዶ ለመመንኰስ ለመነ፤ ነገር ግን የላቲን ቋንቋ ባለመማሩ ሳይቀበሉት ቀሩ። ከዚያ በኋላ የሰዓት ሥራ ሙያውን ይዞ በአላንሶን ከተማ ሱቅ ከፈተ። ገበያ ቢያጣበትም እንኳ እሑድ ሱቁን ይዘጋ ነበር። እዚያው ከተማ ዜሊ ጌሬን የምትባል፣ አገሩ የታወቀበትን ዳንቴል የምትሠራ ብርቱ ሴት ነበረች፤ እርስዋም ገዳም ለመግባት ጠይቃ ሳይሳካላት የቀረች ናት። ሁለቱ በ1858 ከጁላይ 12 ለ13 አጥቢያ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ምሥጢረ ተክሊልን ተቀበሉ። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ አራቱን በሕፃንነታቸው ቀበሩ። የቀሩት ማሪ፣ ፖሊን፣ ሌዮኒ፣ ሴሊንና በ1873 የተወለደችው ትሬዛ፣ አምስት ሴቶች ልጆች ናቸው።

የአባታቸው ደዌ ከመምጣቱ በፊት ይህ ቤተሰብ ሌላ ደዌ አይቶ ነበር። ዜሊ በጡቷ ላይ ያደገው እጢ ካንሰር መሆኑንና በቀዶ ሕክምና ለማውጣት ጊዜው ማለፉን በ1876 መጨረሻ ከሐኪሙ ሰማች። በጁን 1877 ሦስቱን ትልልቅ ልጆቿን ይዛ ወደ ሉርድ ተሳለመች፤ በጠበሉም ተነከረች። አልተፈወሰችም። በዚያው ዓመት ኦገስት 28 ቀን በ45 ዓመቷ ዐረፈች። ሉዊም ልጆቹ የእናታቸው ወንድም ቤተሰብ በሚገኝበት እንዲያድጉ በማሰብ፣ ወዳጆቹንና የለመደውን ሁሉ ትቶ ሊዝዩ ወደምትባለው ከተማ ቤቱን አዛወረ። ስለዚህ ኋላ ልጆቹ ለአባታቸው ሲጸልዩ፣ ጸሎት ሁሉ እንደ ተለመነው እንደማይመለስ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ እምነታቸው ያልተፈተነ የልጅነት እምነት አልነበረምና።

ፖሊን በ1882፣ ማሪ በ1886 በሊዝዩ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ገቡ። በሜይ 1 ቀን 1887 ጠዋት ሉዊ ከእንቅልፉ ሲነሣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተሳሰረ። በአንጎል ውስጥ የደም ሥር በመታወኩ የሚመጣ ሽባነት ነበር። የልጆቹ አጎት ኢዚዶር ጌሬን መድኃኒት ቀማሚ ስለነበረ ፈጥኖ ደረሰለት። በቤቱ ጸሎትም ሆነ፣ መድኃኒትም ተሰጠ፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረውም። በጥቂት ቀናትም ሉዊ ዳነ፤ መራመድና መናገርም ቻለ።

ይህ ፈውስ ለምን እንደዋለ እንመልከት። ገና አንድ ወር ሳይሞላ፣ በበዓለ ጰራቅሊጦስ ዕለት፣ የዐሥራ አራት ዓመቷ ትሬዛ በአትክልቱ ቦታ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እርስዋም እንደ እኅቶቿ ገዳም ለመግባት እንደምትሻ እያለቀሰች ነገረችው። ከሽባነት ገና ያገገመ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ እስክሞት ድረስ አጠገቤ ቆዪ ቢላት ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን አለቀሰ፤ ፈቀደም፤ ከግንቡም ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ አበባ ከነሥርዋ ነቅሎ ሰጣት። በኅዳርም ወር ሮም ድረስ ይዟት ሄደ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን ዐሥራ ሦስተኛም እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው ባረኩት። ትሬዛ ኤፕሪል 9 ቀን 1888 ወደ ቀርሜሎስ ስትገባ እስከ በሩ ሸኛት።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሉዊ በአላንሶን በተጋባበት ቤተ ክርስቲያን ሲጸልይ፣ እጅግ ብዙ መጽናናት ስለተሰጠው፣ ለእግዚአብሔር ጥቂት መከራ ለመቀበል ራሱን አቀረበ። ኋላም ይህን ለልጆቹ ነገራቸው። በሊዝዩ ለሚገኘው ለቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራልም ለዋናው መንበር ማሠሪያ ዐሥር ሺህ ፍራንክ ሰጠ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ደዌውን ሁሉ የዚህ ጸሎት መልስ አድርገው ይተርካሉ። እኛ ግን በዚህ እንጠነቀቃለን። ሕመሙ ከ1887 ጀምሮ የታየ የአንጎል ደም ሥሮች ሕመም ነው፤ ጸሎቱ ያደረገው ሕመሙን ማምጣት ሳይሆን፣ ሕመሙ በመጣ ጊዜ ሰውየውን ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ነው።

ጁን 23 ቀን 1888 ሉዊ ከቤት ጠፋ። ባሕታዊ ሆኖ ለመኖር ያሰበ ይመስላል። ሴሊንና አጎቷ ሲፈልጉት ከርመው በአራተኛው ቀን የባሕር ወደብ በሆነችው በለሃቭር ከተማ አገኙት። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬ ልጆቹን ለይቶ በደስታ ያነጋግራል፤ ነገ ያለ ምክንያት ይፈራል። ጃንዋሪ 10 ቀን 1889 ትሬዛ ልብሰ ምንኵስና ስትለብስ ደኅና ነበረ፤ በክንዱ ይዟት ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። አንድ ወር አልቆየም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ጦርነት የመጣ መስሎት ልጆቹን ለመከላከል ሽጉጥ አነሣ። የዚያኑ ዕለት በካን ከተማ ደናግል ወደሚያስተዳድሩት፣ ቦን ሶቨር ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያም ከሦስት ዓመት በላይ ኖረ።

በዚያን ዘመን እንዲህ ወዳለ ቤት መግባት ከሞት የከፋ ውርደት ነበር። የሊዝዩ ሰዎችም ዝም አላሉም። ልጆቹ፣ ይልቁንም ታናሺቱ፣ ጥለውት ገዳም ስለገቡ አእምሮውን አጣ የሚል ወሬ ተነዛ፤ ወሬውም በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ሦስቱ እኅቶች ጆሮ ደረሰ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አባቴን ያሳበድሁት እኔ ነኝን ብላ ልትጠይቅ የሚገባት ሆነች። እውነቱ ግን የመጀመሪያው ሽባነት የመጣው ትሬዛ ስለ ምንኵስና አንዲት ቃል ሳትነግረው በፊት መሆኑ ነው። በእኛም ዘንድ ሰው በአእምሮው ሲታመም ጥፋተኛ መፈለግ፣ ቤተሰቡን ማማት፣ ሕመምተኛውንም ከሐኪም መደበቅ የተለመደ ነው፤ ይህ ሐሜት ከሕመሙ ይልቅ የሚያቆስልበት ጊዜ አለ።

ሴሊንና ሌዮኒ በካን ሦስት ወር ያህል በአቅራቢያው ቆዩ፤ ሊያዩት የሚፈቀድላቸው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ስለነበረ ወደ ሊዝዩ ተመለሱ። ሉዊ በሆስፒታሉ ለነርሶቹ ይታዘዝ፣ የተላከለትን ምግብ ለሌሎች ሕሙማን ያካፍል፣ በቻለም ጊዜ ቅዱስ ቊርባን ይቀበል ነበር። አእምሮው በተመለሰለት ሰዓት ያለበትን ቦታ ያውቃል፤ በዕድሜው ሁሉ ማዘዝ እንጂ መታዘዝ አለመልመዱን፣ ይህም ፈተና እንደሚያስፈልገው ለሐኪሙ ገልጦለታል። በጁን 1889 ንብረቱን የማስተዳደር መብቱን በፊርማው እንዲለቅ በተጠየቀ ጊዜ ግን ልጆቹ እምነት ያጡበት መስሎት አለቀሰ። ቅዱሳን አያለቅሱም የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

ትሬዛ በገዳሟ ምን አደረገች? ገና ልጅ ሳለች፣ አባቷ ወደ አላንሶን በሄደበት ቀን፣ ራሱን የተከናነበና የጎበጠ፣ አካሄዱ እንደ አባቷ የሆነ ሰው በአትክልቱ ቦታ ሲያልፍ አይታ ደንግጣ ነበር። አሁን የዚያ ራእይ ትርጉም ተገለጠላት፤ በሕመሙ መጀመሪያ አባቷ ፊቱን በጨርቅ ይሸፍን ነበርና። በልብሰ ምንኵስናዋም ዕለት በስሟ ላይ ቅዱስ ገጽ የሚለውን፣ በሕማማት የተዋረደውን የጌታን ፊት የሚያመለክተውን ስም ጨመረች። በሴፕቴምበር 24 ቀን 1890 ጥቁር መጋረጃውን በተቀበለች ጊዜ አባቷን ለአንድ አፍታ እንኳ ለማምጣት ሴሊን ዐቅዳ ነበር። አጎታቸው አደጋውን ፈርቶ ከለከለ፤ ትሬዛም በዚያ በዓል በግልጽ አለቀሰች። ኋላ የሕይወቷን ታሪክ ስትጽፍ የአባቷን የመከራ ዓመታት ለቤተሰቧ ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ የላቁ አድርጋ ቈጠረቻቸው። ይህን የጻፈችው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ በዚያች ዕለት ያደረገችው ማልቀስ ነው።

ሜይ 10 ቀን 1892 ሉዊ ወደ ሊዝዩ ተመለሰ። መመለስ የቻለውም እግሮቹ ሽባ ስለሆኑ ነው፤ ከእንግዲህ ይጠፋል ተብሎ አይፈራም። ሁለተኛው ደዌ ለልጆቹ መለሰላቸው ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቀርሜሎስ ወሰዱት፤ ሦስቱ መነኰሳት ልጆቹ በፍርግርጉ በኩል ከሦስት ዓመት በላይ ቆይተው ዳግመኛ አዩት። ብዙ መናገር አልቻለም። ሲሰናበቱት ጣቱን ወደ ሰማይ አነሣ፤ ሌላ ጊዜም አልተገናኙም።

ፈውስ ማለት እንደ ቀድሞው መሆን ከሆነ ሉዊ አልተፈወሰም። ነገር ግን ፍርሃቱ ለቀቀው፤ የቤቱን ሰዎች ያውቃል፣ ይሥቃል፣ ጸሎት ሲደረግ ይከተላል። ሴሊን ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ታበላዋለች። እርስዋም ወደ ቀርሜሎስ ለመግባት ቈርጣ የነበረች ናት፤ እኅቶቿ ከገቡበት ደጅ ፊት አባቷን ለመንከባከብ ሁለት ዓመት ቆመች። ስለዚች ልጅ የሚጻፈው ማነሱ ያሳዝነናል። ትሬዛ በጸሎት የተሸከመችውን ሴሊን በእጇ ተሸክማዋለችና። ሌዮኒ በ1893 በካን ወደሚገኘው የጉብኝት ገዳም ስትሄድም ሸክሙ በእርስዋ ላይ ቀረ።

በሜይ 1894 ሽባነቱ ክንዱን ያዘው፤ ምሥጢረ ቀንዲልንም ተቀበለ። ሐምሌ ሲገባ የአጎታቸው ቤተሰብ በገጠር ወዳለው ላ ሙስ ወደሚባለው ሰፊ ቤታቸው አመጡት። ጁላይ 29 ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ ከልጆቹ ሴሊን ብቻ አጠገቡ ሳለች ጸሎት ስታደርስለት ዐይኖቹን ገልጦ በፍቅር አያት፤ ከዚያም ዐረፈ። ሰባ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ሴሊን በሰባት ሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን፣ ወደ ቀርሜሎስ ገባች።

ቤተ ክርስቲያን ሉዊንና ዜሊን በአንድነት ብፁዓን ያለቻቸው በሊዝዩ ኦክቶበር 19 ቀን 2008 ነው። ኦክቶበር 18 ቀን 2015 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስኮስ በሮም ቅዱሳን ብለው ዐወጁ፤ ባልና ሚስት በአንድ ላይ ቅዱሳን ተብለው ሲታወጁ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ለብፅዕናቸውና ለቅድስናቸው ማስረጃ ሆነው የቀረቡት ሁለት ተአምራት ሁለቱም የተፈጸሙት በጨቅላ ሕፃናት ላይ ነው፤ አንዱ በጣሊያን፣ ሌላው በስፔን አገር። በሁለቱም ቦታ ሐኪሞች ተስፋ በቈረጡ ጊዜ የሕፃናቱ ወላጆች እነዚህን አራት ሕፃናት የቀበሩ ወላጆች አማልዱን ብለው ለመኑ፤ ሕፃናቱም ዳኑ። የመታሰቢያቸው በዓል ለብዙ ቅዱሳን እንደሚደረገው በዕረፍታቸው ዕለት አልተወሰነም። የሚከበረው በጁላይ 12፣ የሠርጋቸው ሌሊት በገባበት ዕለት ነው።