ራጅን ያገኘው ሰው፤ ዊልሄልም ሮንትገን

ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ተነሣ ሲባል ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ቃሉን የወረስነው ከጣልያንኛ ነው፤ ትርጓሜውም ጨረር ማለት ነው። ጨረሩን ያገኘው ሰው ግን ጣልያናዊ ሳይሆን ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ ነበር።

ሮንትገን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) ማርች 27 ቀን 1845 በሌኔፕ ከተማ ከጨርቅ ነጋዴ ተወለደ። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ እናቱ አገር ወደ ሆላንድ ሄደ። በኡትሬክት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲማር አንድ ጓደኛው የመምህሩን መልክ በማፌዝ ሣለ። ሮንትገን ሥዕሉ የማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ስም አልሰጥም ስላለ ከትምህርት ቤት ተባረረ። መምህራኖቻችን ይህን ታሪክ እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም፤ እኛ ተማሪዎች ግን እንወደዋለን። የምስክር ወረቀት ስላልነበረው በመግቢያ ፈተና የሚቀበለውን የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ በ1869 ዶክተር ሆነ።

ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ማታ በቩርዝቡርግ በጨለማ ክፍል ውስጥ በጥቁር ካርቶን በተሸፈነ የመስተዋት ቱቦ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፣ ራቅ ብሎ የነበረ የባርየም ቅብ ያለው ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ሰባት ሳምንት ያህል ከሥራ ክፍሉ ሳይርቅ መረመረ። ዲሴምበር 22 ቀን ባለቤቱን በርታን ጠርቶ እጇን በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አስቀመጠ። አጥንቶቿ ታዩ። ከአጥንቶቹም ይልቅ ጠቁሮ የወጣው የጣቷ ቀለበት ነበር፤ ጨረሩ ብረቱን አላለፈውምና።

ያ ቀለበት ለእኔ የቤቴ ጉዳይ ነው። ታላቅ እኅቴ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታምማ፣ ቀጥሎም መገጣጠሚያዋን ሲቆረጥማት፣ አባታችን ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ይወስዳት ነበር። ውሃው ቁርጥማቱን አስታገሠላት፤ በሽታው ግን ለካ ልቧ ደርሶ የደሙን መተላለፊያ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ አበላሽቶት ኖሯል። አሁን በሰው ሠራሽ ቫልቭ ትኖራለች። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማዋለሁ። ባለፈው ዓመት ሐኪሟ፣ በቫልቩ ላይ ደም ረግቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ሲቲ ስካን አዘዙ።

ሲቲ ስካን የሮንትገንን ጨረር በሰውነት ዙሪያ እያዞረ ከብዙ አቅጣጫ የሚያሳልፍ መሣሪያ ነው። ሒሳቡን ደቡብ አፍሪካዊው አለን ኮርማክ በኬፕታውን ጀመረ፤ መሣሪያውን እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሠርቶ በ1971 የመጀመሪያው ሕመምተኛ ታየበት። ሁለቱም በ1979 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ኮምፒዩተሩ በየአቅጣጫው ያለፈውን ጨረር ለክቶ የውስጡን ሥዕል ያወጣል። ብረት ሲያጋጥም ግን ደካማው ጨረር በብረቱ ይቀራል፣ ብርቱውም እጅግ አንሶ ይወጣል፤ ሒሳቡ ይስታል። በቫልቩ ዙሪያ ነጭና ጥቁር ጭረት ይሠራል፣ የልብ ምትም ያደበዝዘዋል። ሊታይ የተፈለገው ቦታም ያው የተጋረደው ቦታ ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ነው። የጨረሩን ኀይል ከፍ ማድረግ፣ ሥዕሉን ከልብ ምት ጋር ማስማማት፣ በሁለት ዓይነት ኀይል ማንሣት፣ ወይም ብረቱ ያበላሸውን ልክ ጥሎ በአጠገቡ ካለው ልክ ገምቶ መተካት። በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ግምት ጭረቱን ሲያጠፋ ትንሹን የረጋ ደም አብሮ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የእኅቴ ሐኪም የተስተካከለውንና ያልተስተካከለውን ሥዕል ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የረጋ ደም አልነበረም።

ወደ ሮንትገን ልመለስ። ግኝቱን በባለቤትነት አስመዝግቦ ሊከብርበት አልፈለገም። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለም ገንዘቡን ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ የመኳንንት ማዕረግ ቢሰጠውም አልተቀበለም። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ያለው ሀብት ሟሸሸ። በርታ በ1919 ሞተች። እሱም ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በሙኒክ በአንጀት ካንሰር ሞተ። በኑዛዜው መሠረት የሥራ ወረቀቶቹ ተቃጠሉ። መቃብሩ በጊሰን ከተማ ከበርታና ከወላጆቹ አጠገብ ነው።