አንሴልም ፓዬንና በገለባ ውስጥ ያለው ስኳር

ገብስ ርሶና በቅሎ ብቅል ከሆነ በኋላ የእህልን ስታርች ወደ ስኳር እንደሚለውጥ የሰው ልጅ በሥራ ያወቀው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው። የአገራችን ጠላ ጠማቂም ሆነች የአውሮፓው ቢራ ጠማቂ በብቅል ኃይል ሲገለገሉ የኖሩት ምንነቱን ሳይመረምሩ ነበር። ይህን ኃይል ከብቅል ለይቶ በማውጣት ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን ካሳዩት ሁለት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓዬን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የእንጨት፣ የገለባና የጥጥ ዋና አካል የሆነውን ሴሉሎስን ያገኘው ይኸው ሰው ነው። ከእርሻ ተረፈ ምርት በኢንዛይም አማካይነት ነዳጅ ለማውጣት የሚደረገው ጥረት የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ግኝቶች ላይ ነው።

ፓዬን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 6 ቀን 1795 በፓሪስ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ከሕግ ሙያ ወደ ኢንዱስትሪ የተሻገረ ሰው ሲሆን፣ ልጁን በቤት ውስጥ ራሱ አስተማረው። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ቮክላንና ሼቭረል ከተባሉት የዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ተማረ። በ1815፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ የአባቱ የቦራክስ ማጣሪያ ፋብሪካ ኃላፊ ሆነ።

ቦራክስ ለብረታ ብረት ብየዳና ለብርጭቆ ሥራ የሚያገለግል ጨው ነው። በዚያ ዘመን ከእስያ የሚመጣውን ቦራክስ በእጃቸው አድርገው ዋጋውን የሚወስኑት የሆላንድ ነጋዴዎች ነበሩ። ፓዬን ግን በኢጣሊያ በቶስካና ምድር የሚገኘውን ቦሪክ አሲድ ከሶዳ ጋር በማዋሐድ ቦራክስን በፋብሪካው አዘጋጀ፤ ነጋዴዎቹ ከሚጠይቁት በአንድ ሦስተኛ ዋጋ ስለሸጠውም የብቸኝነት ንግዳቸው ተናጋ። ቀጥሎ ከቀይ ሥር ዝርያ ስኳር ወደ ማውጣት ሥራ ተሰማራ። የአጥንት ከሰል የስኳርን ቀለም እንዴት እንደሚያጣራ በ1822 ባቀረበው ጥናትም ታወቀ። በ1830 ደግሞ የሞቱ የቤት እንስሳት አካል ሁሉ እንዴት ለጥቅም ሊውል እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። ሌላው እንደ ቆሻሻ የሚጥለውን ነገር እንደ ጥሬ ዕቃ መመልከት ከወጣትነቱ ጀምሮ የሥራው ጠባይ ነበር።

ከሁለቱ ታላላቅ ግኝቶቹ የመጀመሪያው በ1833 ዣን ፍራንሷ ፔርሶ ከተባለው ወጣት ኬሚስት ጋር የደረሰበት ነው። ሁለቱ ሰዎች ብቅልን በውኃ ዘፍዝፈው ካጠለሉ በኋላ በፈሳሹ ላይ አልኮል ጨመሩበት፤ ነጭ ዝቃጭም ወረደ። ዝቃጩ ሲደርቅ የሆነው ዱቄት በጥቂቱ ከሞቀ ውኃ ጋር ሲደባለቅ ከራሱ ክብደት 2000 ጊዜ የሚበልጥ ስታርች ያሟሟ ነበር። እስኪፈላ ድረስ ሲሞቅ ግን ኃይሉ ይጠፋል። የስታርችን ቅንጣት ከሽፋኑ የሚለይ መስሎ ስለታያቸው መለየት ከሚል የግሪክ ቃል ወስደው ዲያስታስ ብለው ሰየሙት። ኢንዛይም የሚለው ቃል በሳይንስ ከመተከሉ ከ40 ዓመታት በላይ ቀድሞ የመጀመሪያው ኢንዛይም በዚህ ሁኔታ ተለይቶ ወጣ። የፋብሪካ ሰዎችም በዚህ ንጥረ ነገር ከስታርች ዴክስትሪንና ስኳር ለማምረት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ሁለተኛው ግኝት የመጣው ከእንጨት ነው። ፓዬን የልዩ ልዩ ዛፎችን እንጨት በናይትሪክ አሲድና በኮስቲክ ሶዳ ደጋግሞ ሲያጥብ፣ ከየትኛውም ተክል ቢነሣ በመጨረሻ የሚተርፈው አንድ ዓይነት ነጭ ጭረት ሆነ። ሲመረምረው 44 በመቶ ያህሉ ካርቦን፣ 6 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን፣ ቀሪው ኦክሲጅን ነበር። ውጤቱን በ1838 አቀረበ፤ ሴሉሎስ የሚለው ስም በ1839 በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሪፖርት ታትሞ ወጣ። በአሲዱና በሶዳው ታጥቦ የሄደውን፣ ጭረቱን እንደ ልባስ የሸፈነውን ነገር ፓዬን ከሴሉሎስ ለይቶ ተመልክቶታል፤ ዛሬ ሊግኒን የምንለው ይኸው ነው።

የሴሉሎስና የስታርች የካርቦን፣ የሃይድሮጅንና የኦክሲጅን ድርሻ አንድ ዓይነት መሆኑን ፓዬን በሚገባ አስተውሏል። ይሁን እንጂ ዲያስታስ ስታርችን ሲያሟሟ ሴሉሎስን አይነካም። የዚህ ምክንያት የታወቀው እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለቶች ናቸው፤ የሚለያዩት በማያያዣቸው አቅጣጫ ነው። የስታርች ሰንሰለት ስለሚጠመዘዝ ውኃና ኢንዛይም በቀላሉ ይገቡበታል። የሴሉሎስ ሰንሰለት ግን ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚጣበቅ እንደ ገመድ ይጠነክራል፤ በላዩም ሊግኒን ይለብሳል። ኢንዛይምንም ሴሉሎስንም ያወቀው ሰው፣ ለሴሉሎስ የሚስማማውን ኢንዛይም ሳያገኝ ኖረ።

ያ ኢንዛይም በኋላ የተገኘው ጥፋትን ለመከላከል በተደረገ ምርምር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሎሞን ደሴቶች የሰፈረው የአሜሪካ ጦር የጥጥ ሸራ በሻጋታ እየበሰበሰ አስቸገረ። ከሸራው የተለየውን ትሪኮደርማ የተባለ ሻጋታ ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንደልስ በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የናቲክ የጦር ሠራዊት ቤተ ሙከራ አጠኑት። ሻጋታው ሴሉሎስን የሚያፈርሰው በኅብረት በሚሠሩ ኢንዛይሞች ነው፤ አንዱ ሰንሰለቱን ከመካከል ይቆርጣል፣ ሌላው ከጫፍ ጀምሮ ጥንድ ጥንዱን ግሉኮስ ይለቃል፣ ሦስተኛው ጥንዱን ይከፍላል። ከዚያ በኋላ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። የ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲደርስ፣ ሸራን ከብስባሴ ለማዳን የተጀመረው ጥናት ከተረፈ ምርት ነዳጅ ወደ ማውጣት ዞረ።

ሥራው ግን ቀላል አልሆነም። ገለባና አገዳ አስቀድመው በእንፋሎት ወይም በአሲድ ካልላሉ ኢንዛይሙ ወደ ሴሉሎሱ አይደርስም፤ ኢንዛይሙም ራሱ ዋጋ አለው። በኢጣሊያ በ2013፣ በአሜሪካ አይዋ ግዛት በ2014ና በ2015 ታላላቅ ፋብሪካዎች ቢከፈቱም፣ እስከ 2019 መጨረሻ ሦስቱም ምርታቸውን አቋርጠው ነበር፤ የኢጣሊያው በ2022 በሌላ ባለቤት እጅ እንደገና ሥራ ጀመረ። የሆላንድ ነጋዴዎችን በዋጋ ያሸነፈው ፓዬን ይህን ችግር ቢያይ ባልተደነቀም ነበር። በቤተ ሙከራ የተሳካ ነገር በገበያ ካልተሳካ ሥራው እንዳላለቀ ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው በፋብሪካው ውስጥ ነው።

ፓዬን የኋለኛ ዕድሜውን ያሳለፈው በማስተማር ነው። በፓሪስ የማዕከላዊ የምሕንድስና ትምህርት ቤትና በጥበባትና ሙያዎች ተቋም ፕሮፌሰር ሆኖ ሲያገለግል፣ በ1842 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ መጽሐፉም ብዙ ተማሪዎችን ጠቅሟል። የፕሩስያ ጦር ፓሪስን በከበበ ጊዜ ዕድሜው ከ75 ዓመት ቢያልፍም ከተማይቱን አልለቀቀም። በሜይ 1871፣ ከበባው አልፎ የኮሚዩን ሁከት ባልበረደበት ወቅት፣ በዚያው በፓሪስ ሞተ።

የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር የሴሉሎስ ክፍል ከ1962 ጀምሮ በስሙ ሽልማት ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ መታሰቢያው ግን በየዕለቱ በባለሙያዎች አንደበት የሚነገር ነው። አሚላስ፣ ሊፓስ፣ ሴሉላስ እየተባለ የኢንዛይሞች ስም የሚያልቅበት ድምፅ የተወሰደው ዲያስታስ ከሚለው ቃል መጨረሻ ነው። ፓዬን በሕይወቱ ያላገኘው የሴሉሎስ ኢንዛይም እንኳ በመጨረሻ ሲገኝ የተጠራው እርሱና ፔርሶ ካወጡት ስም በተቀዳ ድምፅ ነው።