እረኛውን ኦርኬስትራ ውስጥ ያስገቡት ሰው

በዚህ ዕትም የታዋቂ ሰዎች አምዳችን ይዞላችሁ የቀረበው የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደን ታሪክ ነው። ከብት ስትጠብቁ ዋሽንት የምትነፉ ልጆች በተለይ እናንተ አንብቡት።

አሸናፊ ከበደ በ1930 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ ሄደው ኢስትማን በሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩና በ1954 ዓ.ም ተመረቁ። ከዚያም አገራቸው ተመልሰው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ያኔ እኮ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም! በያሬድ ትምህርት ቤት ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ሳይሆን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም ይሰጣል። ዛሬ ይሄ ምንም አይደንቅም። በዚያን ዘመን ግን ክራር የሚመታ ሰው አዝማሪ እየተባለ ይናቅ ነበር።

በጣም የታወቀው ድርሰታቸው «እረኛው ባለዋሽንት» ይባላል። መቼም ዋሽንት ምን እንደሆነ ለጋዝጊብላ ልጅ አይነገርም። ከሸምበቆ ይቆረጣል፣ አራት ቀዳዳ ይበጅለታል፣ በቃ። አሸናፊ ያንን የእረኛ ዜማ በኖታ ጽፈው ብዙ ሰው አንድ ላይ ለሚጫወትበት ለኦርኬስትራ አደረጉት። በ1950ዎቹ መጨረሻም ሃንጋሪ ተጋብዘው በዋና ከተማዋ በቡዳፔስት የአገሪቱን ኦርኬስትራ ራሳቸው መሩ። ኮዳይ የሚባለው የሃንጋሪ ሙዚቀኛ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን የሰበሰበ ሰው ነው። አሸናፊንም ከእሱ ጋር እያመሳሰሉ «ጥቁሩ ኮዳይ» ይሏቸው ነበር።

ስለ እረኛ የጻፉ ፈረንጆችም አሉ። የፈረንሳዩ ደቡሲ በ1890 እ.ኤ.አ ለፒያኖ ብቻ «ሮማንቲክ ቫልስ» የሚባል ሙዚቃ ደርሷል። ቫልስ አንድ-ሁለት-ሦስት እየተባለ የሚቆጠር የጭፈራ ምት ነው። ይኸው ደቡሲ በ1908 ለትንሽ ልጁ ከጻፋቸው ሙዚቃዎች አንዱን «ትንሹ እረኛ» ብሎታል። የሚያምር ነው፤ ግን የእሱ እረኛ የፓሪስ ልጅ በሐሳቧ የምታየው እረኛ ነው። የአሸናፊ እረኛ ደግሞ ብርድ የሚያውቅ የእኛ አገር ልጅ ነው። እኛ የአሸናፊን መርጠናል። አድልዎ ነው ካላችሁም ይሁን!

በኋላ እንደገና አሜሪካ ሄደው በ1963 ዓ.ም ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ባጠኑት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ስለ ክራርም ጽፈዋል። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር ክራር ለምን የሰይጣን መሣሪያ ተባለ የሚለው ነገር ያሳስባቸው ነበር። ሁለቱም እኮ ክር የተወጠረባቸው ወንድማማቾች ናቸው! ከዚህ በተጨማሪ የጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ፍሎሪዳ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲም ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል።

ምን ያደርጋል፣ ዕድሜ አልሰጣቸውም። በ1990 ዓ.ም በ60 ዓመታቸው እዚያው አሜሪካ አረፉ።

«እረኛው ባለዋሽንት» በስልካቸው ያላቸው መምህራን ካሉ፣ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያችን እንድናሰማው ቢሰጡን ደስ ይለናል።