የመሥራቹ ድርሻ፤ የብራያን ጆንስ የሕይወት ታሪክ

ሮሊንግ ስቶንስ የተባለውን የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ የሚያፈቅሩ ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ ያላቋረጠ ክርክር አላቸው። ከጓዱ ሸክላዎች የሚበልጠው የትኛው ነው? ከአባሎቹስ ለሙዚቃው ይበልጥ የደከመው ማን ነው? አንደኛው ወገን ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ዘፈኖቹን ስለ ደረሱ ምስጋናው ለእነርሱ ይገባል ይላል። ሁለተኛው ወገን ግን ጓዱን የመሠረተውን፥ ስም ያወጣለትንና ገና በ27 ዓመቱ የሞተውን ብራያን ጆንስን ያነሣል። እኛም የዚህን ሰው ታሪክ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድነው፥ ክርክሩ ያለ ታሪኩ የማይገባ ስለ ሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ ብራያን ሆፕኪን ጆንስ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1942 ዓ. ም. ቼልተናም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ ፒያኖ ያስተምሩ ነበር። ታናሽ እኅቱ ፓሜላ በ1945 በሉኪሚያ በሽታ ሞተች። እርሱም በሕፃንነቱ ታሞ ስለ ነበረ አስም ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በትምህርቱ እጅግ ብልህ ነበረ፤ ብዙም ሳይደክም ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያልፍ ነበር። በትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። ዳሩ ግን ሥርዓትና ትእዛዝ አይወድም ነበርና ከአስተማሪዎቹ ጋራ አልተስማማም። ወላጆቹ ሳክስፎን ገዙለት፤ 17 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጊታር ተሰጠው። ከዚህ በኋላ ልቡ ከመጻሕፍቱ ራቀ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከአንድ በላይ ልጆች ወልዶ ሳያሳድጋቸው መቅረቱንም ልንደብቅ አንችልም። የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደግ ደጉን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይገባውምና።

ብራያን የወደደው ሙዚቃ ብሉዝ ነው። ይኸውም የአሜሪካ ጥቁሮች ከባርነትና ከድካም ኑሮ ውስጥ ያወጡት ዜማ ነው። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ይህን ሙዚቃ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ አሌክሲስ ኮርነር በ1962 ለንደን አጠገብ በኢሊንግ ክለብ መጫወት በጀመረ ጊዜ ብራያን ወደዚያ እየሄደ ጊታሩን ይጫወት ነበር። በጣቱ ላይ ቀለበት መሳይ ቧንቧ አጥልቆ በጊታሩ ክሮች ላይ እያንሸራተተ ሲጫወት ድምፁ ልክ እንደ ማሲንቆ ድምፅ እየተሳበ ያለቅሳል። ይህን አጨዋወት የተማረው ከአሜሪካዊው ከኤልሞር ጄምስ ሸክላዎች ነው። ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ በመጀመሪያ ያዩትም በዚሁ ክለብ ውስጥ ሲጫወት ነበር፤ በእነርሱ ዕድሜ ያለ ወጣት እንዲህ መጫወቱም እጅግ አስደነቃቸው።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ብራያን ጃዝ ኒውስ በተባለ ጋዜጣ ላይ ተጫዋቾች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። በመጀመሪያ የመጣው ፒያኖ ተጫዋቹ ኢያን ስቱዋርት ነበር፤ ጃገርና ሪቻርድስ ቀጥለው ገቡ። ስሙም፥ እንደሚተረከው፥ ብራያን በስልክ ሲነጋገር የጓዱ ስም ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ ወለሉ ላይ የነበረውን የማዲ ወተርስን ሸክላ አይቶ ከዚያ ያነበበው ነው። በጁላይ 12 ቀን 1962 ማርኪ በተባለው የለንደን ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተጫወቱ። በዲሴምበር ቢል ዋይማን፥ በጃንዋሪ 1963 ደግሞ ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ ተጨመሩ። ብራያን፥ ሚክና ኪት በኤዲት ግሮቭ መንገድ በአንድ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ በረሀብ አብረው ከረሙ። ሥራ የሚፈልገው፥ ለጋዜጣና ለሬድዮ ደብዳቤ የሚጽፈው፥ ዋጋ የሚነጋገረው ብራያን ነበር። በምሥጢር ከጓደኞቹ አምስት ፓውንድ አብልጦ በየሳምንቱ ይወስድ እንደ ነበረም ይነገራል። ይህ ነገር ሲገለጥ ፍቅራቸው ሳይቀዘቅዝ አልቀረም፤ ለወዳጅነት አምስት ፓውንድ ትንሽ ገንዘብ ናት፥ ለቂም ግን ትበቃለች።

በ1963 አንድሩ ሉግ ኦልድሃም የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ሥራ አስኪያጃቸው ሆነ። ይህ ሰው መልኩ ለጓዱ አይስማማም ብሎ ኢያን ስቱዋርትን ከመድረክ አስወጣው፤ ለእኛ ይህ ታላቅ በደል ሆኖ ይታየናል። ኦልድሃም ሌላም ነገር ተረዳ። ሌሎች የደረሱትን ዘፈን ብቻ የሚጫወት ጓድ ዘለቄታ እንደሌለው አይቶ ሚክንና ኪትን ዘፈን እንዲደርሱ ገፋፋቸው። ምንም እንኳ በ1964 መጨረሻ የብራያን የሚንሸራተት ጊታር የሚሰማበት ሊትል ሬድ ሩስተር የተባለው የብሉዝ ዘፈን በእንግሊዝ አገር አንደኛ ቢወጣም፥ ከ1965 ጀምሮ ዘመኑ የሁለቱ ደራሲዎች ሆነ።

እዚህ ላይ የክርክሩን ሥር ማሳየት ይገባናል። በሙዚቃ ሕግ ደራሲ የሚባለው ግጥሙንና ዜማውን ያወጣው ሰው ነው። ዘፈኑ በተሸጠ ቁጥር የድርሰት ገንዘብ የሚከፈለውም ለእርሱ ነው። ዜማውን በመሣሪያ ያሳመረው፥ መግቢያውን ያሰበው፥ ጆሮ የሚይዘውን ድምፅ የጨመረው ተጫዋች ግን በድርሰቱ ስም ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በሸክላው ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ የሚያነብ ሰው ብራያን ምንም ያልሠራ ይመስለዋል፤ ሸክላውን የሚያደምጥ ሰው ግን በየቦታው ያገኘዋል።

ለምሳሌ በ1966 የወጣውን አፍተርማዝ የተባለውን ረጅም ሸክላ እንውሰድ። ዘፈኖቹን ሁሉ ጃገርና ሪቻርድስ የደረሱበት የመጀመሪያው ሸክላቸው ይህ ነው፤ የብራያን እጅ እጅግ የሚታይበትም ይኸው ነው። በሌዲ ጄን ውስጥ በጭን ላይ ተቀምጦ የሚነካውን ደልሲመር ይጫወታል። በአንደር ማይ ተም ውስጥ ደግሞ በመዶሻ መሳይ ዱላ የሚመታውን የእንጨት ማሪምባ ይጫወታል። ፔይንት ኢት ብላክ በእንግሊዝ አገር ለብቻው የወጣ፥ በአሜሪካ ግን በዚሁ ሸክላ ላይ የታተመ ዘፈን ሲሆን፥ የሚያስታውሰው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የብራያንን የሕንድ ሲታር ነው። በ1967 በወጣው ሩቢ ቱስደይም ሪኮርደር የሚባለውን የእንጨት ዋሽንት የነፋው እርሱ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹን በሙዚቃ ትምህርት ቤት አልተማረም፤ እያነሣ በጥቂት ጊዜ ለመደ። ማሪምባውን ከአንደር ማይ ተም ብናወጣ የሚቀረው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት የሚቀረው ሌላ ዘፈን ነው፤ ያውም የሚያንስ።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በ1968 የወጣው ቤገርስ ባንኬት፥ በ1969 የወጣው ሌት ኢት ብሊድ፥ በ1971 የወጣው ስቲኪ ፊንገርስና በ1972 የወጣው ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት ከሁሉ ይበልጣሉ ብለው የሚያምኑ አድማጮች ብዙ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ የብራያን ድርሻ ጥቂት ነው፤ ኖ ኤክስፔክቴሽንስ በተባለው ዘፈን ላይ የተጫወተው የሚያሳዝን ጊታር ግን የሚረሳ አይደለም። በሌት ኢት ብሊድ ላይ በሁለት ዘፈኖች ብቻ፥ በአንዱ ኮንጋ ከበሮ በሌላው አውቶሃርፕ ተጫውቷል። የቀሩት ሁለቱ ከሞተ በኋላ የወጡ ናቸው። እንግዲህ ጓዱ ያለ እርሱ ከፍ ካለ እርሱ አላስፈለገም ማለት ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በእርሱ ቦታ የገባው ሚክ ቴይለር ብርቱ ጊታር ተጫዋች ነበረና ጓዱ ሦስተኛውን ጉልቻ ለወጠ እንጂ በሁለት ጉልቻ ድስት አልጣደም። ብራያን መድረስ አይችልም የሚሉትም በ1967 ለጀርመናዊው የፊልም አዘጋጅ ለፎልከር ሽሎንዶርፍ ፊልም ሙሉውን ሙዚቃ መድረሱን ሊያስቡ ይገባል። ይሁን እንጂ ለጓዱ አንድ እንኳ የራሱን ዘፈን አቅርቦ አለማስቀረጹ እውነት ነው። ይፈራ ነበር የሚሉ አሉ።

ከ1967 በኋላ ያለው ታሪኩ አሳዛኝ ነው። በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ጎዳ፤ በ1967ና በ1968 በዕፅ ምክንያት ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። የሚወዳት አኒታ ፓለንበርግ ወደ ሞሮኮ በሄዱበት ጉዞ ትታው ከኪት ሪቻርድስ ጋራ ሆነች። እርሱ ግን ሞሮኮን አልጠላም፤ በ1968 ተመልሶ ጆጁካ ወደሚባል የተራራ መንደር ወጣና የመንደሩን ነፊዎችና ከበሮ መቺዎች በቴፕ ቀረጸ። በዚያ ጊዜ ከእንግሊዝ ሮክ ተጫዋቾች መካከል እንዲህ ሩቅ ሄዶ የሌላውን ሕዝብ ሙዚቃ ለማድመጥ የደከመ ጥቂት ነበረ።

በ1968 መጨረሻ ኮችፎርድ ፋርም የተባለውን ቤት ገዛ። ይህ ቤት ቀድሞ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ የኤ. ኤ. ሚልን ነበረ። በጁን 1969 ሚክ፥ ኪትና ቻርሊ ወደዚያ መጥተው ከጓዱ መሰናበቱን ነገሩት፤ የሰበሰባቸው ሰው በሰበሰባቸው ሰዎች ተሰናበተ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በጁላይ 2 ሌሊት ለ3 አጥቢያ በቤቱ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መርማሪው ዳኛ በአልኮልና በመድኃኒት ተጽዕኖ በድንገት እንደ ሰመጠ ወሰኑ። ተገድሏል የሚል ወሬ ግን አልቆመም፤ ፖሊስ ነገሩን እንደገና ተመልክቶ በ2010 አዲስ ማስረጃ የለም አለ።

ጓዱ በጁላይ 5 በሃይድ ፓርክ ለመጫወት አስቀድሞ ቀጥሮ ነበርና ቀኑን ለእርሱ መታሰቢያ አደረገው። ሚክ ጃገር ግጥም አነበበ፤ ብዙ ቢራቢሮዎችም ተለቀቁ። በጁላይ 10 በተወለደባት በቼልተናም ተቀበረ። በጆጁካ የቀረጸው ሙዚቃ በ1971 በሸክላ ታተመ፤ በሸክላውም ርእስ ላይ ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።